ማስረጃ ይያያዝ

ደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ማዶ፣
ከጫማ ቤቱ በላይ፣ ደረጃው ተንጋዶ፣
አንድ የቆዳ ክሊኒክ አለ፤ እኔ መስኮት ሁለት።
ሐኪም በዓይኑ ያየውን፣ ሰው በፊቱ የያዘውን፣
በቁጥር እገለብጣለሁ፣ እስኪደርስ የመውጫ ሰዓት።

ጭርት ቁጥር አለው። ኪንታሮትም ቁጥር አለው።
ለምጥ እንኳ፣ ስሙ የሚፈራው፣ መዝገብ ላይ ረድፍ አለው።
ብጉር ኤል ሰባ ነው፤ ነጥብ ዜሮ ይከተለዋል፤
አባይን ቢሻገር፣ ባሕር ቢሻገር፣ በዚያው ስም ይጠራል።

ድሮ ዲማ ሳለሁ፣ ደበሎ ለብሼ፣
ሰምና ወርቅ ስፈታ፣ ጉባኤ ቃና ቀምሼ፣
የኔታ ልሳነወርቅ ይሉኝ ነበር፦ "ቃልን አትመነው ቶሎ፤
ከላይ ያለው ልጣጭ ነው፤ ፍሬው ከሥር ነው፣ ተጠቅልሎ።"
ከመወድስ ሳልደርስ ወጣሁ፤ ሂሳብ ተማርኩ በማታ።
ዛሬም ያው ነው ሥራዬ፦ ሰሙን ልጻፍ፣ ወርቁን ከፋዩ ይፍታ።

አትጠገብ ትባላለች። አባቷ ነው ስም ያወጣላት።
አማኑኤል ከተማ፣ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ መምህርት ናት።
ከተማሪ ፊቷን አዙራ፣ ለሰሌዳው ታስተምራለች፤
ስካርፏን እስከ አፍንጫዋ፣ በግንቦት ሙቀት ትስባለች።
ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ፣ ጉንጯን ቆጥሮ በዝምታ፣
"አርባ ሰባት!" ብሎ ጮኸ፤ ክፍሉ ሣቀ በአንድ አፍታ።
"ተሳስተሃል፣ ሃምሳ ሁለት" አለች፣ ጠመኔዋን ይዛ፣ ሳትቆጣ።
ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤
ተራ ስትጠብቅ፣ እየሣቀች፣ ዓይኗ ግን ወለሉ ላይ ነበር።

ዶክተር ምንይችል ጻፈ፦ "አሲድ፣ ሠላሳ በመቶ፣
ሦስት ዙር፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ" ፈርሞ፣ ማኅተሙን መትቶ።
እኔም ፎርሙን ሞላሁና ለመድን ድርጅቱ ላክሁት።
በወሩ ተመልሶ መጣ፤ ሳልቀመጥ አነበብኩት፦
"ለውበት የተደረገ። አይሸፈንም።"

ለውበት!
እንደ ጥፍር ቀለም፣ እንደ ሹሩባ፣ እንደ ሠርግ ዋዜማ ኩል።
ጧት ትራሷ ላይ የምታገኘውን ደምና መግል፣
በጨርቅ የሸፈነችውን የግድግዳ መስተዋት፣
ታዲያ በየትኛው ሣጥን ይሙሉት?

ደግሜ ሳየው ግን ጥፋቱ የኔው ነው፤
የሥራውን ቁጥር ጽፌ፣ የሕመሙን ዘልዬው።
መላጡ ብቻውን ሄደ፣ ምክንያቱ እኔ ጋ ቀርቶ፤
እንደ ሰነፍ ተማሪ ቅኔ፣ ሰም ብቻ፣ ወርቁ ጠፍቶ።

ኤል ሰባን ከላይ አስቀመጥኩ። መላጡን ከሥሩ።
ያልሠራውን ቅባት፣ የዋጠችውን ክኒን ከነወሩ።
"ማስረጃ ይያያዝ" ይላል የመጨረሻው መስመር።

ልትፈርም መጣች፤ ከሁለተኛው ዙር አራተኛ ቀኗ ነበር።
ፊቷ እንደ ባሕር ዛፍ ግንድ ይላጣል፤
ከሥሩ እርጥብ፣ ቀላ ያለ፣ ብርሃን ያልለመደ ነገር ይታያል።
"እንዳታየኝ" አለች። አየኋት።
ጎንበስ ብላ ስትፈርም፣ ከጉንጯ አንዲት ቅንጣት፣
ነጭ፣ ቀላል፣ እንደ ጤፍ እብቅ፣
ወረቀቱ ላይ አረፈች፣ "ማስረጃ" ከሚለው ቃል አጠገብ።
እፍ ልላት ነበር።
ስቴፕለሩን አነሣሁ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆይቶ፣ ከባሕር ዳር ደብዳቤ፦
"ሰማንያ በመቶ ተፈቅዷል። ቀሪውን ታካሚዋ ትክፈል።"
ስለዚያች ቅንጣት ማንም ምንም አላለም።

ለሦስተኛው ዙር ስትመጣ ስካርፏ ትከሻዋ ላይ ነበር።
ድርሻዋን ከፈለች፤ መልሷን ቆጥሬ ሰጠኋት።
መስኮቱ ፊት ቆማ፣ ብሩን አንድ በአንድ ገለጠችና፣
አምስት ብር መልሳ በቀዳዳው ገፋችልኝ፤
"ተሳስተሃል" አለች።